ከፋንክሽን ራስጌ ያለችው @ ምን ትሠራለች? የፓይተን ዲኮሬተር ከውስጥ ሲታይ

በፓይተን የተጻፈ መጠነኛ ፕሮጀክት ስትከፍቱ፣ ከፋንክሽኖችና ከክላሶች ራስጌ በ@ የሚጀምሩ አጫጭር መስመሮች ታያላችሁ። ፍላስክ በሚባለው የፓይተን ፍሬምወርክ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው በየገጹ ያገኛቸዋል፤ በዳታክላስ መረጃ የሚያደራጅም እንዲሁ። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይገለብጣቸዋል፣ እነሱም ይሠራሉ። ጭንቁ የሚመጣው መሥራት ያቆሙ ቀን ነው፤ ኤረሩ የሚጠቁመው መስመር ሌላ፣ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ሌላ ይሆናል።

እነዚህ መስመሮች ዲኮሬተር ይባላሉ። ዲኮሬተር ከሥሩ የተጻፈውን ፋንክሽን ተቀብሎ አንድ ነገር ይመልሳል፤ ፓይተን ደግሞ የተመለሰውን ነገር በፋንክሽኑ ስም ላይ ያስቀምጠዋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ ስምን እንደገና መመደብ። ይህን የጨበጠ ሰው የቀረውን ሁሉ፣ ስህተቶቹን ጭምር፣ ራሱ አስቦ ሊደርስበት ይችላል።

ስለ ምሳሌዎቹ አንድ ነገር እንበል። ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ የቫሪያብል፣ የፋንክሽንና የክላስ ስሞች በግዕዝ ፊደል እንዲጻፉ ይፈቅዳል። ስለዚህ እዚህ የምታዩዋቸው በሥር ሰረዝ (_) የተያያዙ የአማርኛ ስሞች ኮድ ውስጥ ቢገቡ ይሠራሉ። ዴፍ፣ ሪተርን፣ ክላስ የመሳሰሉት የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ግን ሁልጊዜ በላቲን ነው የሚጻፉት፤ እኛ በንባባቸው እንጠራቸዋለን።

ፋንክሽንን ለፋንክሽን መስጠት ይቻላል?

ይቻላል፤ የነገሩ መሠረትም ይህ ነው። በፓይተን ፋንክሽን እንደ ቁጥርና እንደ ጽሑፍ ሁሉ ኦብጀክት ነው። ስሙ ደግሞ ወደዚያ ኦብጀክት የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው፤ ስሙን ነቅሎ ሌላ ኦብጀክት ላይ መለጠፍ ይቻላል።

እዚህ ላይ ቅንፏን አስተውሉ። ክፈል() ብላችሁ ስትጽፉ ፋንክሽኑ እንዲሠራ እየጠራችሁት ነው። ያለ ቅንፍ ክፈል ስትሉ ግን ፋንክሽኑን ሳታስነሱት እንደ ዕቃ አንስታችሁ ለሌላ ማቀበላችሁ ነው። ከጀማሪ ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ሌላው አስፈላጊ ነገር፣ ፋንክሽን ውስጥ ሌላ ፋንክሽን መጻፍ መቻሉ ነው። የውስጠኛው ፋንክሽን የውጪው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላም የውጪውን ቫሪያብሎች ያስታውሳል። ፕሮግራመሮች ይህን ክሎዠር ይሉታል። ዲኮሬተር የመጀመሪያውን ፋንክሽን ሳይጠፋበት ይዞ የሚቆየው በዚህ ነው።

አንድ ዲኮሬተር ምን ምን ክፍል አለው?

የባንክ_ሂሳብ የሚባል ክላስ አለን እንበል። ገቢ_አድርግ፣ ወጪ_አድርግ እና አስተላልፍ የሚሉ ሦስት ሜተዶች አሉት፤ ሜተድ ማለት በክላስ ውስጥ የተጻፈ ፋንክሽን ነው። እያንዳንዱ ሜተድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ መመዝገብ ፈለግን። በየሜተዱ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት የሚያነብ መስመር ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ያው ኮድ ሦስት ቦታ ይደገማል፣ የገንዘቡ ስሌትም ከሰዓት መለኪያው ጋር ይቀላቀላል። ነገ አመዘጋገቡን መቀየር ቢያስፈልግ ሦስቱንም ቦታ መነካካት ሊኖርብን ነው።

በዲኮሬተር እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ ጊዜ_መዝግብ የሚል ፋንክሽን ይጻፋል፤ የሚቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሥራ ብለን እንጥራው። ሥራ የሚሸፈነው ፋንክሽን ነው። በጊዜ_መዝግብ ውስጥ ሸፋኝ የሚል ሁለተኛ ፋንክሽን ይጻፋል፤ እሱ የሚቀበለው *ግብአቶች እና **ስም_ያላቸው ነው። አንዱ ኮከብ በተራ የሚመጡ ግብአቶችን ሁሉ፣ ሁለቱ ኮከብ ደግሞ በስም የሚመጡትን ሁሉ ይሰበስባሉ፤ በዚህም ሸፋኙ ማንኛውንም ፋንክሽን ሊተካ ይችላል። በሸፋኙ ውስጥ ሰዓት ይነበባል፣ ከዚያ

ውጤት = ሥራ(*ግብአቶች, **ስም_ያላቸው)

ተብሎ ዋናው ፋንክሽን ይጠራል፤ ሰዓት እንደገና ይነበባል፣ ልዩነቱ ይመዘገባል፣ ውጤት ሪተርን ይደረጋል። በመጨረሻም የውጪው ፋንክሽን፣ ጊዜ_መዝግብ፣ ሸፋኝን ያለ ቅንፍ ሪተርን ያደርጋል። ሰዓቱን ለማንበብ ታይም ሞጁል ውስጥ ያለውን ፐርፍ ካውንተር ተጠቀሙ። ታይም የሚለው ተራው ፋንክሽን የኮምፒውተሩ ሰዓት በመሃል ቢስተካከል አብሮ ይዘላል፤ ፐርፍ ካውንተር ግን ወደፊት ብቻ ይሄዳል።

አሁን ከሜተዱ ራስጌ @ጊዜ_መዝግብ ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ፓይተን ይህን የሚረዳው ከሜተዱ ፍቺ በታች ቀጥሎ ያለው እንደተጻፈ አድርጎ ነው፦

ወጪ_አድርግ = ጊዜ_መዝግብ(ወጪ_አድርግ)

ከዚህ በኋላ ወጪ_አድርግ የሚለው ስም የሚጠቁመው ወደ ሸፋኙ ነው። ዋናው ፋንክሽን አልጠፋም፣ አንድም ፊደል አልተነካበትም፤ በሸፋኙ እጅ አለ። በግቢ በር ላይ እንደተቀጠረ ዘበኛ ነው። የቤቱ አድራሻ አልተለወጠም፣ የቤቱም ባለቤት ያው ነው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ግን ሲገባም ሲወጣም በዘበኛው በኩል ያልፋል። ዘበኛው ሰዓት መዝግቦ ሊያስገባ፣ መታወቂያ ጠይቆ ሊመልስ፣ ወይም «የፈለጋችሁት እኔ ጋ አለ» ብሎ ወደ ውስጥ ሳያሳልፍ ሊሸኝ ይችላል። ዲኮሬተሮች የሚሠሩት ሥራ በአመዛኙ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ መመዝገብ፣ መፈተሽ፣ ወይም መልሱን አስቀምጦ ከውስጥ ሳይጠይቁ መስጠት።

ታዲያ @ ለምን አስፈለገች?

ያለ እሷም ይቻል ነበር። ፓይተን 2.2 እ.ኤ.አ. በ2001 ክላስሜተድንና (በኦብጀክቱ ፈንታ ክላሱን የሚቀበል ሜተድ) ስታቲክሜተድን (ሁለቱንም የማይቀበል) ሲያመጣ @ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፕሮግራመሩ ሜተዱን ጽፎ ሲጨርስ ከታች በእኩል ምልክት ስሙን እንደገና ይመድብ ነበር። ሜተዱ ሠላሳ መስመር ቢሆን፣ አንባቢው ክላስሜተድ መሆኑን የሚያውቀው ሠላሳውን ካነበበ በኋላ ነው። አንዱ ስምም ሦስት ጊዜ መጻፍ ነበረበት። ስለዚህ ፔፕ 318 በሚባለው የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ የቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ @ በፓይተን 2.4 ገባች፤ ይህ እትም የወጣው በኅዳር መጨረሻ 2004 እ.ኤ.አ. ነው። ለክላሶች ደግሞ በ2008፣ በ2.6 እና በ3.0 ተፈቀደች።

@ ያመጣችው አዲስ ችሎታ የለም። ያመጣችው ቦታ ነው፤ ስለ ፋንክሽኑ ቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ከራስጌው ተጻፈ።

ዲኮሬተሩ የሚሠራው መቼ ነው?

ብዙ ሰው ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም። ጊዜ_መዝግብ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፓይተን የፋንክሽኑን ፍቺ አንብቦ ባለፈበት ቅጽበት፣ ማለትም ፋይሉ ኢምፖርት ሲደረግ። በየጥሪው የሚሠራው ሸፋኙ ነው።

ስለዚህ ከሸፋኙ ውጪ፣ ግን በዲኮሬተሩ ውስጥ፣ ዳታቤዝ የሚከፍት ወይም ፋይል የሚያነብ መስመር ካስገባችሁ፣ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ያ ሥራ ይሠራል። ፋይሉ ከሌለ ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አይነሳም፤ ማንም ፋንክሽኑን ሳይጠራው። በአንጻሩ ይህንኑ ባሕርይ ሆን ብለው የሚጠቀሙ አሉ። የፍላስክ ራውት ፋንክሽኑን በምንም አይሸፍነውም፤ «ይህ አድራሻ ሲጠየቅ ይህን ፋንክሽን ጥራ» ብሎ በመዝገቡ ያሰፍርና ራሱን ፋንክሽኑን መልሶ ያስረክባል። ዲኮሬተር የግድ መሸፈን እንደሌለበት ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጻፍኩት፣ ግን አልሠራም፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መጀመሪያ የውጪው ፋንክሽን ሸፋኝን ሪተርን ማድረጉን ተመልከቱ። ፓይተን ምንም ሪተርን የማያደርግ ፋንክሽን ነን (None፣ «ምንም የለም» የሚለው ዋጋ) እንዲመልስ ያደርጋል፤ ያ ነን በስሙ ላይ ይቀመጣል። ፋንክሽኑን ስትጠሩ «ነንታይፕ ኦብጀክት ኢዝ ኖት ኮለብል» የሚል ኤረር ይመጣል፤ ኤረሩ የሚያሳየው የጠራችሁበትን መስመር እንጂ ዲኮሬተሩን አይደለም። ሪተርኑ ካለ ደግሞ ቅንፍ እንዳይኖረው። ሸፋኝ() ተብሎ ከተጻፈ ሸፋኙ እዚያው ኢምፖርት ላይ ይሠራና ውጤቱ በስሙ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የባሰው በሸፋኙ ውስጥ ውጤትን ሪተርን ማድረግ መርሳት ነው። የባሰ የሆነው ኤረር ስለማይሰጥ ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ሎጉ ይጻፋል፣ ሜተዱ ግን ቀሪ ሂሳቡን በመመለስ ፈንታ ነን ይመልሳል። ስህተቱ የሚታየው ያንን ነን ከቁጥር ጋር ሊደምር የሞከረ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የስም መጥፋት ነው። ሸፋኙ ዋናውን ሲተካ የራሱን ስም ይዞ ይቀመጣል፤ ፋንክሽኑን ስሙን ብትጠይቁት «ሸፋኝ» ይላችኋል፣ የማብራሪያ ጽሑፉም ይጠፋል። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍላስክ ገጾችን የሚለየው በፋንክሽን ስም ስለሆነ፣ ሁለት ገጾችን በአንድ ዲኮሬተር ሸፍናችሁ ስማቸው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ነባሩን በሌላ እየተካችሁ ነው ብሎ አሰርሽን ኤረር ይሰጣል። መድኃኒቱ ፈንክቱልስ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለው ራፕስ ነው፤ ከፓይተን 2.5 ጀምሮ አለ። ከሸፋኙ ፍቺ ራስጌ @ራፕስ(ሥራ) እንደሚባለው አድርጋችሁ ስትጽፉት ስሙን፣ ማብራሪያውንና ሞጁሉን ከዋናው ወደ ሸፋኙ ይገለብጣል። ራፕስ የሌለው ዲኮሬተር አልተጨረሰም ብላችሁ ብትቆጥሩት ይሻላል።

ኤሲንክ ፋንክሽኖችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ኤሲንክ ፋንክሽን ሲጠራ ሥራውን አይጀምርም፤ ኮሩቲን የሚባል ኦብጀክት ሰጥቶ ይመለሳል፣ ሥራው የሚሠራው አዌይት ሲደረግ ነው። ከላይ ያየነው ጊዜ_መዝግብ በላዩ ቢቀመጥ የሚለካው ኮሩቲኑ የተፈጠረበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ የሚፈጀው ጥሪ በሎጉ ላይ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ይታያል። ሸፋኙ ራሱ ኤሲንክ ተብሎ መጻፍና ዋናውን በአዌይት መጥራት አለበት።

ዲኮሬተሩ ራሱ ግብአት እንዲቀበል ብፈልግስ?

ለምሳሌ ያልተሳካ ጥሪን ሦስት ጊዜ የሚደግም ዲኮሬተር እንፈልጋለን፤ ቁጥሩ ግን በየቦታው እንዲለያይ። @ደግመህ_ሞክር(3) ብለን እንጽፋለን። ይህ ሲተረጎም፦

ላክ = ደግመህ_ሞክር(3)(ላክ)

ሁለት ጥሪ እንዳለ ልብ በሉ። የመጀመሪያው 3ን ተቀብሎ ዲኮሬተር ይመልሳል፤ ሁለተኛው ያንን ዲኮሬተር ከላክ ጋር ይጠራዋል። ስለዚህ ኮዱ ሦስት ፎቅ ይኖረዋል፤ ላይኛው ቁጥሩን፣ መካከለኛው ፋንክሽኑን፣ ታችኛው የጥሪውን ግብአቶች ይቀበላል።

ቅንፉን ረስታችሁ @ደግመህ_ሞክር ብቻ ካላችሁ ፋንክሽኑ በ3 ቦታ ይገባል፤ በስሙ ላይ የሚቀመጠውም መካከለኛው ፎቅ ነው። ሜተዱ ግብአት ያለው ከሆነ የግብአት ብዛት አልገጠመም የሚል ኤረር ታያላችሁ፤ ይህ መልካም ዕድል ነው። ሂሳብ.ዝጋ() እንደሚባለው ያለ ግብአት የሚጠራ ከሆነ ግን መካከለኛው ፎቅ ኦብጀክቱን እንደ ፋንክሽን ተቀብሎ አዲስ ሸፋኝ ይመልስና ነገሩ በዝምታ ያልፋል። ኤረር የለም፤ ሂሳቡም አልተዘጋም።

ስለ መድገም ከተነሳ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ደጋሚ ዲኮሬተርን ቢደገም ጉዳት በሌለው ሥራ ላይ ብቻ አድርጉት። ቀሪ ሂሳብን ሦስት ጊዜ ማንበብ ችግር የለውም። 5,000 ብር የሚያስተላልፍ ሜተድ ላይ ግን፣ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥና መልሱ ባይደርስ፣ ዲኮሬተሩ «አልተሳካም» ብሎ ሌላ 5,000 ብር ይልካል። ከመድገም በፊት እያንዳንዱ ዝውውር የማይደገም መለያ ቁጥር ሊኖረው፣ ተቀባዩም ወገን ያንን ቁጥር የሚያጣራ ሊሆን ይገባል።

ሁለት ሦስት ሲደራረቡ ማን ይቀድማል?

@ሀ ከላይ፣ @ለ ከሥሩ፣ ከዚያ ሥራ የሚባል ፋንክሽን ቢኖር፦

ሥራ = ሀ(ለ(ሥራ))

ለፋንክሽኑ የቀረበው ቀድሞ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በጥሪ ጊዜ ከውጪ ያለው ሀ ቀድሞ ይነሳል። ይህ ተራ ዝርዝር ይመስላል፤ ግን የድረ ገጽ ደኅንነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በፍላስክ አንድን ገጽ ሎግኢን ላደረገ ሰው ብቻ ለማሳየት ሁለት ዲኮሬተር ይደረባል፤ ራውትና ሎግኢንን የሚፈትሸው። ራውት ከላይ፣ ፈታሹ ከሥር ሲሆን ፈታሹ ፋንክሽኑን ይሸፍነዋል፣ ራውትም የተሸፈነውን ይመዘግባል። ተገልብጦ ፈታሹ ከላይ ቢሆንስ? ራውት ያልተሸፈነውን ፋንክሽን ቀድሞ በመዝገቡ ያሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ ፈታሹ ቢሸፍነውም በስሙ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ፍላስክ በእጁ የያዘው ያልተሸፈነውን ነው። ገጹ ለማንም ክፍት ይሆናል። ኮዱን የሚገመግም ሰው የፈታሹን ስም በዓይኑ ስለሚያይ «ተጠብቋል» ብሎ ያልፋል። በእያንዳንዱ ጥብቅ ገጽ ላይ ሎግኢን ሳያደርግ የሚሞክር ቴስት ጻፉ፤ በንባብ ብቻ አትተማመኑ።

ክላስ ውስጥ ሲገባ ምን ይለወጣል?

ተራ ሸፋኝ ፋንክሽን ሜተድ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ኦብጀክቱ፣ ማለትም ሰልፍ፣ በ*ግብአቶች ውስጥ የመጀመሪያው ሆኖ ይመጣል፤ ሸፋኙም ለዋናው ያሳልፈዋል። ችግሩ ዲኮሬተሩ በክላስ መልክ ሲጻፍ ነው። ፓይተን ሰልፍን በራሱ የሚያቀብለው ክላስ ውስጥ ለተቀመጠ ፋንክሽን ነው፤ ፋንክሽን ጌት የሚባል የውስጥ ሜተድ ስላለው። ጌት ያልተጻፈለት የክላስ ዲኮሬተር በሜተድ ላይ ሲቀመጥ ሰልፍ ሳይደርሰው ይቀርና «አንድ ግብአት ጎድሏል» የሚል ኤረር ይመጣል። ብዙ ልምድ ከሌላችሁ ዲኮሬተርን በፋንክሽን መልክ ጻፉ።

ከፓይተን ጋር አብረው የሚመጡት ሦስቱ፣ ክላስሜተድ፣ ስታቲክሜተድና ፕሮፐርቲ፣ ሁልጊዜ ከላይ ይሁኑ፤ የራሳችሁ ዲኮሬተር ከሥራቸው። እነሱ የሚመልሱት ተራ ፋንክሽን አይደለም። የእናንተ ከላይ ከሆነ የሚቀበለው የክላስሜተድ ወይም የፕሮፐርቲ ኦብጀክት ነው፤ ሸፋኙ እንደ ፋንክሽን ሊጠራው ሲሞክር አይጠራም ይለዋል።

ፕሮፐርቲ ሜተድን ያለ ቅንፍ እንደ ተራ ባሕርይ እንዲነበብ ያደርጋል፤ ሂሳብ.ቀሪ ብቻ ማለት ይበቃል። እዚህ ሁለት ነገር ይበላሻል። ቀሪ በሚለው ፕሮፐርቲ ውስጥ ሰልፍ.ቀሪን ብትመልሱ ፕሮፐርቲው ራሱን ይጠራል፣ እሱም ራሱን፣ ፓይተን በመደበኛው 1,000 ጥሪ ግድም ላይ ሪከርሽን ኤረር ብሎ እስኪያስቆመው። ቁጥሩን በሌላ ስም፣ ለምሳሌ ሰልፍ._ቀሪ ብላችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ዋጋ ለመስጠት የሚያገለግለው ሴተር በዚያው ስም መጻፍ አለበት። @ቀሪ.ሴተር ከሚለው ሥር ሜተዱን ቀሪ_ቀይር ብትሉት፣ ቀሪ እንደበፊቱ ለንባብ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም ሴተር የጨመረውን አዲሱን ፕሮፐርቲ የተሸከመው ቀሪ_ቀይር ነው። እንደገና ያው የስም ምደባ።

ውርስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። የባንክ_ሂሳብ ውስጥ ያለው ወጪ_አድርግ @ፈቃድ_ጠይቅ አለው እንበል። የቁጠባ_ሂሳብ የሚባል ልጅ ክላስ ተጽፎ ወጪ_አድርግን እንደገና ቢፈታ፣ የልጁ ሜተድ ፈቃድ አይጠይቅም። ዲኮሬተሩ የተቀመጠው በወላጁ ፋንክሽን ላይ ነው፤ በስሙ ላይ ተጣብቆ አይወረስም። የልጁ ሜተድ በሱፐር ወላጁን ቢጠራ እንኳ ፈቃድ የሚጠየቀው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ያለ ፈቃድ ሠርቷል። አስተማማኙ መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ወጪ_አድርግ ዲኮሬተሩን ይዞ በወላጁ ብቻ ይቀመጥና _ወጪ_ፈጽም የሚል ሁለተኛ ሜተድ ይጥራ፤ ልጆቹ እንደገና የሚፈቱት ይህንን የውስጡን ይሁን።

ሌላም አለ። ሸፋኙ ክላሱ ሲፈታ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚፈጠር፣ በዲኮሬተሩ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ቆጣሪ የሁሉም ኦብጀክቶች የጋራ ነው። «በቀን ከ5 ጊዜ በላይ ወጪ አይፈቀድም» የሚል ገደብ በዚህ መልክ ከተጻፈ፣ የአንዱ ደንበኛ አምስት ወጪ የሌላውን ደንበኛ በር ይዘጋል። ቆጣሪው በሰልፍ ላይ ይቀመጥ።

መልስ የሚያስቀምጠው ኤልአርዩ ካሽስ?

በፈንክቱልስ ውስጥ ከፓይተን 3.2 ጀምሮ ያለ ዝግጁ ዲኮሬተር ነው። በአንድ ዓይነት ግብአት ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ስሌቱን ሳይደግም ያስቀመጠውን ይሰጣል፤ ገደብ ካልተሰጠው 128 መልሶችን ይይዛል፣ ሲሞላ ከተጠየቀ ብዙ የቆየውን ያስወጣል። ለንጹሕ ስሌት እጅግ ጠቃሚ ነው። ግብአቶቹ ግን ሃሽ ሊደረጉ የሚችሉ፣ ማለትም ፓይተን ቋሚ መለያ ቁጥር ሊያሰላላቸው የሚችል፣ መሆን አለባቸው፤ ሊስት ወይም ዲክት ከሰጣችሁት ታይፕ ኤረር ይመልሳል።

ሜተድ ላይ ስታስቀምጡት ግን ሰልፍም ከግብአቶቹ አንዱ ይሆናል። አንደኛው መዘዝ፣ ካሹ ኦብጀክቱን ጨብጦ ስለሚይዝ ፕሮግራሙ የተወው ሂሳብ ከሜሞሪ አይወጣም፤ ገደቡ ነን ከተደረገ ደግሞ በጭራሽ። ሁለተኛውና የባሰው፣ ካሹ የሚያየው ኦብጀክቱ ያው መሆኑን እንጂ በውስጡ ያለው መለወጡን አይደለም። የወለድ ስሌት ሜተድ ላይ ብታደርጉት፣ ደንበኛው 10,000 ብር ካስገባ በኋላም የድሮውን ወለድ ይነግረዋል። ኦብጀክቱ ከተፈጠረ በኋላ ለማይለወጥ ነገር ከፓይተን 3.8 ጀምሮ ያለው ካሽድ ፕሮፐርቲ ይሻላል፤ መልሱን በኦብጀክቱ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ከኦብጀክቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ክላስ ራሱ ራስጌው ላይ @ ሲኖረውስ?

ሕጉ ያው ነው፤ ክላሱ ይሰጣል፣ የተመለሰው በስሙ ይቀመጣል። በፓይተን 3.7፣ በ2018 የመጣው ዳታክላስ ዋናው ምሳሌ ነው። በክላሱ ውስጥ የተዘረዘሩትን ባሕርያት አንብቦ ኦብጀክት የሚፈጥረውን፣ በጽሑፍ የሚያሳየውንና ሁለት ኦብጀክቶችን የሚያወዳድረውን ሜተድ ጽፎ ያስገባበታል። በመደበኛው አጠቃቀም አዲስ ክላስ አይፈጥርም፤ ያንኑ አሻሽሎ ይመልሳል። ማወዳደሪያ ስለሚጨምርበት ግን ኦብጀክቱ ሃሽ የማይደረግ ይሆናል፤ ስለዚህ በዳታክላስ ሜተድ ላይ ኤልአርዩ ካሽ ስታስቀምጡ በመጀመሪያው ጥሪ ታይፕ ኤረር ቢመጣ አትደናገጡ። ልጅ ክላስም የራሱን ባሕርይ ከጨመረ ዳታክላስን ራሱ እንደገና ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

የጃቫው @ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። በጃቫ 5፣ በ2004 የመጣው አኖቴሽን በ@ ቢጀምርም በራሱ ምንም አይሠራም፤ ክላሱ ወይም ሜተዱ ላይ የተለጠፈ መረጃ ነው። ኦቨራይድ የሚለውን ኮምፓይለሩ አንብቦ ያጣራበታል፤ ስፕሪንግን የመሳሰሉ ፍሬምወርኮች ደግሞ የራሳቸውን መለያዎች አንብበው ሥራ ይሠሩባቸዋል። አንባቢ ከሌለው ኮዱ ያለ እሱ እንደነበረው ይሄዳል። የታይፕስክሪፕቱ ግን ወደ ፓይተኑ ይቀርባል፤ የሚጠራ ፋንክሽን ነው።

በኦብጀክት ተኮር ንድፍ ትምህርት «ዲኮሬተር ፓተርን» የሚባለውም ዘመድ ነው እንጂ ያው አይደለም። እዚያ የሚሸፈነው ፋንክሽን ሳይሆን ኦብጀክት ነው፤ የሚሸፈነውም ፕሮግራሙ እየሄደ እያለ ነው። የጃቫ በፈርድ ኢንፑት ስትሪም የፋይል ንባብ ኦብጀክትን ውስጡ ይዞ፣ ተመሳሳይ ሜተዶችን እያቀረበ፣ ንባቡን በጅምላ ያደርግለታል። አንዱን ፋይል ሸፍኖ ሌላውን መተው ይቻላል፤ የፓይተኑ @ ግን ሜተዱን ለሁሉም ኦብጀክቶች በአንዴ ነው የሚቀይረው። ምርጫው «ለሁሉም ወይስ ለአንዳንዱ?» በሚለው ይወሰናል።

የት ልጠቀምበት፣ የትስ ልተወው?

ከሥራው ይዘት ጋር የማይገናኝና ብዙ ቦታ የሚደገም ነገር ሲሆን ተጠቀሙበት፤ ሎግ፣ ፈቃድ፣ የጊዜ ልኬት፣ መልስ ማስቀመጥ። አንድ ቦታ ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለቱን መስመር እዚያው ፋንክሽኑ ውስጥ መጻፍ ይቀላል። የገንዘቡን መጠን የሚቀይር፣ ግብር የሚቀንስ ወይም ሌላ የንግድ ሕግ የሚያስፈጽም ዲኮሬተር ግን ባይጻፍ እመርጣለሁ፤ ሜተዱን የሚያነብ ሰው ያየው ስሌትና የሚያገኘው ውጤት ይለያዩበታል።

ራፕስ በሁሉም ላይ ካለ ፍተሻው ይቀላል። ራፕስ ዋናውን ፋንክሽን በሸፋኙ ላይ «ራፕድ» በሚል ባሕርይ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት የሥር ሰረዝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቴስት ስትጽፉ በዚያ በኩል ያልተሸፈነውን ስሌት ለብቻው መፈተሽ ትችላላችሁ። አንድ ሜተድ ያልጠበቃችሁትን ሲሠራም በዚሁ መንገድ ዋናውንና የተሸፈነውን በአንድ ዓይነት ግብአት ጠርታችሁ አወዳድሩ፤ መልሳቸው ከተለያየ ጥፋቱን ከዲኮሬተሩ ፈልጉ፣ ካልተለያየ ከሜተዱ።